የፍሬን ነገር፦ ስም ቢቀላቀል፣ ልክ እንዳይቀላቀል
(በሳንሱሲ በብስክሌት ለሚመላለሱ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ ቆመን የምንናገርበት ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ስለ አገር ኢኮኖሚም፣ ስለ ሥነ ጽሑፍም፣ ስለ ፈተናም አይደለም፤ በብስክሌታችን ላይ ስላለው ስለ ፍሬን ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ፍሬንማ የሜካኒክ ጉዳይ ነው፤ ለሜካኒክ ይተውለት» የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ቁልቁለቱን የሚወርደው ሜካኒኩ ሳይሆን እኛው ስለሆንን፣ ጉዳዩ ከሁሉ በፊት የእኛ ነው እንላለን።

ሳንሱሲ የሚለው የዚህ ሰፈር ስም በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ፣ ያለ ጭንቀት» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ አንድ ነው። እኛ ግን ከዚህ ተነሥተን በአስኮ በኩል ወደ ከተማው ስንወርድ ያለ ሐሳብ ሆነን አናውቅም። መንገዱ የአምቦ መንገድ ነው። ከባድ መኪና ጭነቱን ይዞ ይመጣበታል፤ ሚኒባስ ታክሲ ምልክት ሳያሳይ ይቆምበታል፤ በግ የሚነዳ ሰው ይሻገርበታል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃውና ጎርፉ ይጨመርበታል። በዚህ መንገድ ላይ ብስክሌት የሚነዳ ሰው የሚተማመነው በሁለት ነገር ነው፤ በዓይኑና በፍሬኑ።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆነው በአንድ ክረምት የደረሰብን ነገር ነው። ከመካከላችን አንዱ አሮጌ ኮርሳ ብስክሌት ገዝቶ አሳምሮ አሠራ። ዋናው ብረት የጣልያን ሥራ ነበረ፤ ቸርኬውን የሚይዘው የፍሬን መቆንጠጫ የጃፓን ነበረ፤ በመሪው ላይ የተገጠመው የፍሬን እጀታ ደግሞ ከአንድ የተሰበረ ማውንቴን ብስክሌት የተፈታ ነበረ። መሪውም ስለተቀየረ እጀታው ያለ ችግር ገባለት። የፊተኛው ፍሬን ሽቦ የሚያልፍበት ሽፋን አልተገኘምና ከማርሽ ሽቦ ሽፋን ተቆርጦ ተገጠመ። ጓደኛችን ቆሞ እጀታውን ቢጨብጠው እንደ ድንጋይ ጠነከረበት። «ይህ ነው ፍሬን!» ብሎ ተደሰተ። እኛም በየተራ ጨበጥንና አደነቅን።

ሁለት ቀን በሰላም ሄደበት። በሦስተኛው ቀን ዝናብ ጥሎ ካባራ በኋላ ወደ አስኮ ሲወርድ አንድ ታክሲ ፊቱ ላይ ቆመ። ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ጨበጠ፤ ብስክሌቱ ግን ፍጥነቱን የቀነሰው በጥቂቱ ብቻ ነው። ይበልጥ ሲጨብጥ የሽቦው ሽፋን ተሰነጠቀና እጀታው መሪውን ነካ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ዳር ወጥቶ በአሸዋ ክምር ላይ ወደቀ። የእጁ አንጓ ተሰበረ፤ ነፍሱ ግን ተረፈች።

ይህን የምንናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። የሠራለት ሰው ባለው ዕቃ የተቻለውን አደረገ፤ ጓደኛችን አመነ፤ እኛም ጨብጠን መሰከርንለት። ሁላችንም ያጠፋነው ባለማወቅ ነው። አለማወቅ ግን አጥንት ከመስበር አይመለስም። ስለዚህ ጓደኛችን በጄሶ ታስሮ በተቀመጠበት ጊዜ ነገሩን ከሥሩ ለማወቅ ተነሣን። ያገኘነውንም ለእናንተ ማካፈል ግዴታችን ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ እናድርግ። ከልዩ ልዩ ፋብሪካ የወጡ ዕቃዎችን መቀላቀል በራሱ ነውር አይደለም። «ሁሉንም ከአንድ ፋብሪካ ግዙ» የሚል ምክር በመጻሕፍት ይገኛል፤ መልካም ምክር ነው፣ ነገር ግን የተማሪን ኪስ አያውቅም። እዚህ አገር አንድ ኮርሳ ብስክሌት በሕይወቱ ዘመን ሦስት አራት ባለቤት ይቀያይራል፤ በየባለቤቱም እጅ አንድ አንድ ዕቃ ይለወጥበታል። ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ፍሬን፣ ቸርኬ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ሞላ፣ ኮርሳ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ዕቃው ግን ዛሬ ከጃፓንም፣ ከታይዋንም፣ ከቻይናም ይመጣል።

ታሪክም ቢሆን የሚያስተምረን ይኸንኑ ነው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1956) በሜልቦርን ኦሎምፒክ ለአገራችን በብስክሌት ሲወዳደሩ፣ በዚያ ዘመን የነበረው የውድድር ብስክሌት በየትም አገር በአብዛኛው ከብዙ ፋብሪካ ዕቃ የተገጣጠመ ነበር። በጣልያን አገር በቪቼንሳ እ.ኤ.አ. በ1933 የተቋቋመው ካምፓኞሎ በማርሹ ስሙ የገነነ ቢሆንም፣ እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የራሱን ፍሬን ለገበያ አላወጣም። የእርሱን ማርሽ የገጠመ እሽቅድድመኛ ፍሬኑን ከጣልያኑ ዩኒቨርሳል፣ ወይም ከፈረንሳዩ ማፋክ፣ ወይም ከስዊሱ ዌይንማን ይወስድ ነበር። የዓለም ታላላቅ እሽቅድድመኞች የአልፕስን ተራራ የወረዱት በዚህ ዓይነት ቅልቅል ብስክሌት ነው።

ታዲያ ያ የማይጎዳ ከሆነ የእኛ ስለምን ጎዳ? መልሱ ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን ስሙ ቢለያይም ልኩ ይቀራረብ ነበር። የአንዱ እጀታ የሚስበው የሽቦ ርዝመት የሌላው እጀታ ከሚስበው ብዙ አይርቅም ነበር። ኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1921 በጃፓን አገር በሳካይ ከተማ የተቋቋመው ሺማኖ በ1990 የፍሬንንና የማርሽን እጀታ አንድ አድርጎ አወጣ፤ ካምፓኞሎም በ1992 ተከተለው። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ፋብሪካ እጀታውንና መቆንጠጫውን እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ አድርጎ በራሱ ልክ መሥራት ጀመረ። ከዚህም በላይ ሺማኖ በ2008 ዱራ ኤስ የተባለውን ዕቃውን ሲያድስ፣ እጀታው የሚስበውን የሽቦ ርዝመት ከቀድሞው ጨመረው፤ መቆንጠጫውንም በዚያው ልክ ለወጠው። ስለዚህ የአንድ ፋብሪካ ስም የተጻፈባቸው፣ ግን የሁለት ዘመን ሥራ የሆኑ ዕቃዎች ላይስማሙ ይችላሉ። አዲሱ እጀታ ከአሮጌው መቆንጠጫ ጋር ሲጋጠም ፍሬኑ ይደክማል፤ አሮጌው እጀታ ከአዲሱ መቆንጠጫ ጋር ሲጋጠም ደግሞ ከሚገባው በላይ ይይዛል።

እንግዲህ የንግግራችን ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። የፋብሪካ ስም ቢቀላቀል አይጎዳም፤ ልክ ሲቀላቀል ግን ይጥላል። ዕቃ ስንመርጥ «የማን ነው?» ብለን ብቻ ሳይሆን «ልኩ ስንት ነው?» ብለን እንጠይቅ።

ይህን ለመረዳት የፍሬንን አሠራር በአጭሩ እንመልከት። ፍሬን ከጣት እስከ መንገድ ድረስ የሚሄድ አንድ ሰንሰለት ነው። ጣት እጀታውን ይስባል፤ እጀታው ሽቦውን ይስባል፤ ሽቦው በሽፋኑ ውስጥ አልፎ መቆንጠጫውን ያጥፋል፤ መቆንጠጫው የፍሬኑን ጎማ በቸርኬው ላይ ይጫናል፤ ቸርኬው መንኮራኩሩን ያዘገያል፤ መንኮራኩሩም መንገዱን ይይዛል።

እጀታው እንደ ዲጅኖ ነው። ለምሳሌ ያህል ጣት የሚያርፍበት ቦታ እጀታው ከሚዞርበት ችንካር 80 ሚሊ ሜትር ይራቅ፤ ሽቦው የተያዘበት ቦታ ደግሞ ከዚያው ችንካር 20 ሚሊ ሜትር ይራቅ። በዚህ ጊዜ ጉልበታችን አራት እጥፍ ይሆናል፤ በ10 ኪሎ ግፊት ብንጨብጥ ሽቦው በ40 ኪሎ ይሳባል። ነገር ግን ተፈጥሮ በነፃ የምትሰጠው የለም። ጣታችን 40 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ ሽቦው የሚጓዘው 10 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ሽቦው የተያዘበት ቦታ ከችንካሩ 40 ሚሊ ሜትር የሚርቅ እጀታ እንውሰድ። በዚህኛው ሽቦው 20 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ ጉልበቱ ግን ሁለት እጥፍ ብቻ ነው፤ በዚያው በ10 ኪሎ ጭበጣ ሽቦው የሚሳበው በ20 ኪሎ ነው። ሰበቃው የሚበላውን ትተን ነው ይህን የምናሰላው።

የጓደኛችን ጉዳት ምሥጢር ይኸው ነው። ማውንቴን ብስክሌት ላይ ሁለት ረጃጅም ክንዶች ያሉት፣ «ቪ» የሚባለው ፍሬን አለ። ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በስፋት አሠራጨው። ክንዶቹ ረጃጅሞች ስለሆኑ ራሳቸው ጉልበት ይጨምራሉ፤ ስለዚህ እጀታቸው ከኮርሳ እጀታ ወደ ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ሽቦ እንዲስብ ሆኖ ይሠራል። ይህን እጀታ ወስዶ በኮርሳ መቆንጠጫ ላይ መግጠም ማለት ጉልበቱን በግማሽ መቁረጥ ማለት ነው።

ልብ በሉ፤ አታላዩ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ይህ ደካማ ፍሬን ቆመው ሲጨብጡት ጠንካራ መስሎ ይሰማል። ሽቦው ብዙ ስለሚሳብ የፍሬኑ ጎማ ቶሎ ቸርኬውን ይነካል፤ እጀታውም ጥቂት ተጉዞ ይቆማል። እኛም «ጠነከረ» እንላለን። የጠነከረው ግን መያዙ አይደለም፤ ጣታችን የሚያገኘው አጋዥ ስላነሰ ነው። በአጭር ዲጅኖ ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ይህን ያውቃል፤ ዲጅኖው ሲያጥር በእጅ ላይ ይጠነክራል፣ ድንጋዩ ግን አይነሣም። በሱቅ ወይም በጋራዥ ቆሞ ጨብጦ መመስከር ከንቱ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ተቃራኒውም አለ። የኮርሳ እጀታ ከቪ ፍሬን ጋር ሲጋጠም እጁ ላይ የለሰለሰ ሆኖ ይሰማል፤ ሲይዝ ግን ድንገት አጥብቆ ይይዛል። የሚሳበው ሽቦ ስለማይበቃው የፍሬኑ ጎማ ለቸርኬው እጅግ ተጠግቶ መታሰር አለበት። ቸርኬው ጥቂት ከጎበጠ ይታከካል፤ የፍሬኑ ጎማ ጥቂት ካለቀ ደግሞ እጀታው መሪውን ይነካል። በመካከል ገብታ የሚሳበውን ሽቦ የምታበዛ ትንሽ መዘውር ለዚህ ተሠርታለች፤ እርስዋ ከሌለች ይህን ጋብቻ ባንፈጽም ይሻላል።

የግማሽ ጉልበት ነገር ምን ያህል እንደሚያሠጋ በቁጥር እንየው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በየሰከንዱ 10 ሜትር ይጓዛል። ጥሩ ፍሬን በደረቅ መንገድ ፍጥነቱን በየሰከንዱ በ5 ሜትር ቢቀንስለት፣ ለመቆም 10 ሜትር ያስፈልገዋል። የመያዝ ኃይሉ በግማሽ ከቀነሰ 20 ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር ሲሆን ደግሞ፣ በጥሩው ፍሬን 22 ሜትር ተኩል፣ በደካማው 45 ሜትር ያስፈልጋል። ይህም ወደ ዐሥር የሚጠጉ ሚኒባሶች በተርታ ቢቆሙ የሚይዙት ቦታ ነው። አደጋውን አይቶ ለመጨበጥ የሚያልፈው አንድ ሰከንድ ገና አልተቆጠረም። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የወረደ ሰው 54 ኪሎ ሜትር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያውቃል።

እጀታና መቆንጠጫ ዋናዎቹ ቢሆኑም፣ ሌሎችም አለመስማማቶች አሉ። በተራ እንዘርዝራቸው።

አንደኛ፦ የሽቦ ሽፋን። የፍሬን ሽቦ ሽፋን በውስጡ እንደ ሞላ የተጠቀለለ ብረት አለው፤ ግፊት ይችላል። የማርሽ ሽቦ ሽፋን ግን በውስጡ ቀጫጭን ሽቦዎች ቁመቱን ተከትለው የተደረደሩበት ነው። ለማርሽ ትክክለኛነት ተብሎ የተሠራ ነው እንጂ የፍሬንን ግፊት ሊችል አልተሠራም። ድንገት አጥብቀን በጨበጥን ጊዜ፣ ማለትም እጅግ በሚያስፈልገን ጊዜ፣ ይፈነዳል። የጓደኛችንን አንጓ የሰበረው መጨረሻ ላይ ይህ ነው። አፉን ቆርጦ ማየት ይበቃል፤ የተጠቀለለ ከሆነ የፍሬን ነው፣ እንደ መጥረጊያ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ከሆነ የማርሽ ነው። ሽቦውም እንዲሁ ይለያያል፤ የፍሬኑ ውፍረት ወደ 1.5 ሚሊ ሜትር፣ የማርሹ ወደ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ ነገር ላይ «ለጊዜው ይሁን» የሚባል ቃል መኖር የለበትም።

ሁለተኛ፦ የሽቦው ራስ። የኮርሳ ፍሬን ሽቦ ራስ ሾጠጥ ያለ ነው፤ የማውንቴኑ እንደ ትንሽ በርሜል ድብልብል ነው። አንዱ በሌላው ቤት ውስጥ በኃይል ቢገባም በትክክል አይቀመጥም፤ ሽቦው በአንድ በኩል እየታጠፈ ክሩ አንድ በአንድ ይበጠሳል። የካምፓኞሎና የሺማኖ የኮርሳ ሽቦ ራሶችም መጠናቸው ጥቂት ይለያያል። በጉልበት የሚገባ ራስ ካያችሁ አቁሙ።

ሦስተኛ፦ የመቆንጠጫው ክንድ ርዝመትና የቡሎኑ ቀዳዳ። በዘመናዊ ኮርሳ ላይ ከቡሎኑ እስከ ፍሬኑ ጎማ ያለው ርቀት ብዙውን ጊዜ ከ39 እስከ 49 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለሰፊ ጎማና ለአሮጌ ብስክሌት የሚሆነው ደግሞ ከ47 እስከ 57 ይደርሳል። የመንኮራኩር መጠንም ይለያያል። 700 የሚባለው ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 622 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የአሮጌው የ27 ኢንች 630 ነው። መንኮራኩሩን ከአንዱ ወደ ሌላው የለወጠ ሰው ፍሬኑ ከቸርኬው 4 ሚሊ ሜትር ይስትበታል። ከፍ ካለ የመንኮራኩሩን ጎማ እየበላ ከመነዳሪውን ያፈነዳል፤ ዝቅ ካለ ከቸርኬው ሥር አምልጦ ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ቡሎኑም በአሮጌዎቹ ላይ በውጭ በዳዶ ይታሰራል፤ በአዲሶቹ ላይ በ8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ውስጥ በሚገባ ረጅም ዳዶ ይታሰራል። ከስንት ክር ጋር እንደተያዘ ሳታዩ አትንዱ።

አራተኛ፦ የፍሬን ጎማና ቸርኬ። ለአሉሚኒየም ቸርኬ የተሠራ የፍሬን ጎማ ለካርቦን ቸርኬ አይሆንም። በአሉሚኒየም ላይ የሠራ ጎማ ደግሞ የብረት ፍርፋሪ ስለሚይዝ ካርቦኑን ይቧጭራል። ለእኛ የሚቀርበው ግን የአሮጌው፣ የሚያብለጨልጨው የብረት ቸርኬ ነገር ነው። ይህ ቸርኬ ሲደርቅ ደኅና ይይዛል፤ ሲረጥብ ግን የመያዝ ኃይሉ እጅግ ይወርዳል። አንዱ መንኮራኩር አሉሚኒየም፣ ሌላው የብረት የሆነበት ብስክሌት ካለ አሉሚኒየሙ ከፊት ይሁን። በክረምት ከቁልቁለቱ በፊት ፍሬኑን ቀለል አድርጎ ነካ ነካ ማድረግ ውሃውን ይጠርጋል።

አምስተኛ፦ ማላቀቂያው። መንኮራኩር ሲወጣ ፍሬኑን የምትከፍተዋ ትንሽ ቁልፍ በሺማኖ ዘንድ ያለችው መቆንጠጫው ላይ ነው፤ በካምፓኞሎ ዘንድ ግን እጀታው ላይ ናት። የሺማኖ እጀታ ከካምፓኞሎ መቆንጠጫ ጋር ከተጋባ ማላቀቂያ የትም አይኖርም። የካምፓኞሎ እጀታ ከሺማኖ መቆንጠጫ ጋር ከተጋባ ደግሞ በሁለቱም ቦታ ይኖራል፤ በዚህ ጊዜ አንዱ ተከፍቶ ተረስቶ እንዳይቀር መጠንቀቅ ነው።

ስድስተኛ፦ የዘይት ፍሬን። በሽቦ ፈንታ ዘይት የሚሠራባቸው የዲስክ ፍሬኖች ወደ አገራችን በመግባት ላይ ናቸው። ሺማኖና ማጉራ የማዕድን ዘይት ይጠቀማሉ፤ ከስራም ፍሬኖች ብዙዎቹ ግን «ዶት» የተባለውን፣ ከመኪና ፍሬን ዘይት ወገን የሆነውን ይጠቀማሉ። አንዱን በሌላው ቦታ መጨመር ውስጥ ያለውን ጎሚኒ ያሳብጠዋል ወይም ያበላሸዋል፤ ፍሬኑም ይከዳል። «ፍሬን ዘይት ሁሉ ፍሬን ዘይት ነው» ብሎ ከነዳጅ ማደያ ገዝቶ በሺማኖ ፍሬን ውስጥ መጨመር ትልቅ ስሕተት ነው። በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይበቃል።

እስካሁን የተናገርነው ማስፈራሪያ ብቻ እንዳይመስል፣ ሳይፈሩ የሚቀላቀሉትንም እንንገራችሁ። የፍሬን ጎማ ርዝመቱና ማሰሪያው ከተስማማ፣ ለቸርኬውም ዓይነት ከሆነ፣ የማንም ፋብሪካ ቢሆን ይሠራል። ትክክለኛ የፍሬን ሽቦና ሽፋን፣ ራሱ በቤቱ ከተቀመጠ፣ የማንም ቢሆን ይሠራል። የኋላውና የፊቱ መቆንጠጫ የተለያየ ፋብሪካ ቢሆኑ፣ እያንዳንዱ ከእጀታው ጋር እስከተስማማ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። የተቀራረበ ዘመን የኮርሳ እጀታና የኮርሳ መቆንጠጫም ከሁለት ፋብሪካ ቢመጡ ብዙ ጊዜ ተስማምተው ይሠራሉ። ፋብሪካዎቹ ያልተፈተነ ጋብቻ አይመክሩም፤ ስለዚህ እኛ ራሳችን መፈተን አለብን።

ፈተናውስ እንዴት ነው? ምንም ገንዘብ አይፈልግም። በመጀመሪያ ቆመን እጀታውን በሁለት እጅ፣ ባለን ኃይል ሁሉ፣ ዐሥር ሰከንድ ያህል እንጨብጥ። የሚያንሸራትት ሽቦ ወይም የሚሰነጠቅ ሽፋን ካለ በቁልቁለት ከሚከዳን እዚህ ቢከዳን ይሻላል። ቀጥሎ ከብስክሌቱ ጎን ቆመን የፊቱን ፍሬን ብቻ ይዘን ወደ ፊት እንግፋው። በሁለት ጣት ጭበጣ የኋላው መንኮራኩር ከመሬት ከተነሣ ፍሬኑ ይይዛል፤ መንኮራኩሩ እየተንሸራተተ ከሄደ ግን በዚያ ብስክሌት ከሳንሱሲ አንወርድም። ከዚያ በኋላ ሜዳ ላይ በቀስታ፣ ቀጥሎም ፈጠን ብለን እንሞክር፤ ቸርኬውንም ውሃ አፍስሰንበት እንድገመው። መልሶ የሚያስተኛ፣ ማለትም በጥቂት ጭበጣ የፊቱን መንኮራኩር የሚቆልፍ ፍሬንም ጥሩ አይደለም፤ በመሪው ላይ ይገለብጣልና።

አንድ ነገር እንጨምር። ብስክሌት ስንዋዋስ የፊቱ ፍሬን በየትኛው እጅ እንደሆነ እንነጋገር። በእንግሊዝ አገር ልማድ የፊቱ በቀኝ እጅ ነው፤ በአሜሪካ ልማድ በግራ ነው። ወደ እኛ የሚመጡት ብስክሌቶች ከሁለቱም ወገን ናቸው። ሲያበድሩ ይህን አለመንገር ቢላዋን በስለቱ በኩል እንደ ማቀበል ነው።

አሁን ወደ መደምደሚያችን እንምጣ። ፅጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሲነዳ፣ ከኋላው መለዋወጫ የጫነ መኪናና ሥራውን የሚያውቁ ሜካኒኮች ይከተሉት ነበር። እኛን የሚከተለን የለም። ስለዚህ እርስ በርሳችን መከታተል ይገባናል። በዚህም መሠረት ለተማሪዎች ኅብረትና ለመምህራኖቻችን ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው፣ አንድ ደብተር ይከፈት። ማናቸውም ሰው የትኛውን እጀታ ከየትኛው መቆንጠጫ ጋር እንዳጋጠመና ፈተናው ላይ እንዴት እንደሆነ ይጻፍበት። የአንዱ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ይሁን። ሁለተኛው፣ ትክክለኛ የፍሬን ሽቦና ሽፋን በማኅበር ገዝተን በአንድ ቦታ እናስቀምጥ፤ ማንም «አጣሁ» ብሎ የማርሽ ሽፋን እንዳይገጥም። ሦስተኛው፣ የፊዚክስና የኢንጂነሪንግ መምህራኖቻችን በካሊፐርና በሞላ ሚዛን የእጀታዎቻችንን ልክ እንድንለካ ይርዱን። በክፍል ውስጥ ስለ ማንሻ ሕግ የተማርነው በገዛ እጃችን ላይ ተገጥሞ ሳለ ሳንለካው መቅረታችን ያሳፍራል።

የሜካኒኮቻችንንም ነገር እንዳንረሳ። በትንሽ ዕቃ ብዙ ሥራ የሚሠሩ ብልሆች ናቸው። ወደ እነርሱ ስንሄድ «ጋሼ፣ ያገኙትን ይግጠሙልኝ» ከማለት ይልቅ «ጋሼ፣ ይህ እጀታ የኮርሳ ነው የማውንቴን? ሽፋኑስ የፍሬን ነው?» ብለን በአክብሮት እንጠይቅ። የሚጠይቅ ደንበኛ ሲበዛ የሚጠነቀቅ ሠራተኛም ይበዛል።

ጓደኛችን ዛሬ እጁ ድኖለታል። ብስክሌቱንም አልሸጠውም። ዋናው ብረት ያው የጣልያን፣ መቆንጠጫው ያው የጃፓን ነው፤ እጀታውን ግን በኮርሳ እጀታ፣ ሽፋኑንም በፍሬን ሽፋን ለወጠው። ቆሞ ሲጨብጡት እንደ ቀድሞው እንደ ድንጋይ አይሆንም፤ ጥቂት ለስለስ ይላል። እኛም አሁን ስንጨብጠው «ደከመ» አንልም። ገፍተን የኋላው መንኮራኩር ሲነሣ አይተን ነው ደኅና ነው የምንለው።

 ስብሰባው ሲፈታ ብስክሌቶቻችሁ በር ላይ አሉና፣ ከመውረዳችሁ በፊት ፈተናውን አብረን እናድርገው።